የኮሌጅ ፉትቦል የኦፌንስ አሠልጣኝ ለመሆን፦ ከተማሪ ረዳትነት እስከ ፕሌይ ጠሪነት

በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ብዙ ልጆቻችን ዓርብ ማታ የሃይስኩላቸውን፣ ቅዳሜ ደግሞ የኮሌጁን ፉትቦል እያዩ ነው የሚያድጉት። እዚህ ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኑን ጨዋታ ማለቴ ነው። ከነዚህ ልጆች አንዱ ተነስቶ "አሠልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ" ሲል ግን መንገዱን የሚያሳየው ሰው ያጣል። ነርስ ወይም ኢንጂነር ለመሆን ምን መማር፣ ምን መፈተን እንደሚያስፈልግ በየቤቱ ይታወቃል። አሠልጣኝነት ግን ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ የለውም፤ ብዙ ጊዜም የሥራ ማስታወቂያው ሲወጣ የሚቀጠረው ሰው ቀድሞ ታውቋል።

ይህ መመሪያ በኦፌንስ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ በሚያጠቃው ወገን፣ በኩል መግባት ለሚፈልጉ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በዚህ ሙያ ከፍ የሚለው የ19 ዓመት ልጅ አስተምሮ፣ የተማረውን ቅዳሜ ዕለት ሜዳ ላይ እንዲሠራው ማድረግ የቻለ ሰው ነው። ስለዚህ በየደረጃው ምርጫ ሲመጣባችሁ "የትኛው ቦታ ቶሎ ያስተምረኛል፣ ቶሎስ እንዳስተምር ኃላፊነት ይሰጠኛል?" ብላችሁ ምረጡ። የትምህርት ቤቱ ስም ሁለተኛ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚሠራ እወቁ

ዋና አሠልጣኙ ከላይ አለ። ከሥሩ ኦፌንሱን፣ ዲፌንሱን (ተከላካዩን ወገን) እና ስፔሻል ቲሙን (ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባውን) የሚመሩ ኮርዲኔተሮች አሉ። የኦፌንስ ኮርዲኔተሩ የሳምንቱን የጨዋታ ዕቅድ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሌይ የሚጠራውም፣ ማለትም ቡድኑ ቀጥሎ የሚሠራውን እንቅስቃሴ መርጦ የሚናገረውም፣ እሱ ነው። አንዳንድ ዋና አሠልጣኞች ግን መጥራቱን ለራሳቸው ይይዙታል። ከኮርዲኔተሩ ቀጥሎ የኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው)፣ የራኒንግ ባክ (ይዞ የሚሮጠው)፣ የሪሲቨር (የሚቀበለው)፣ የታይት ኤንድ (የሚቀበልም የሚያግድም) እና የኦፌንሲቭ ላይን (ከፊት የሚያግደው መስመር) አሠልጣኞች ይመጣሉ። ከእነሱ በታች አናሊስቶች፣ ከዚያ ማስተርስ እየተማሩ የሚሠሩ ግራጁዌት አሲስታንቶች፣ ከሁሉ በታች ተማሪ ረዳቶች።

ለጀማሪ ትልቅ ትርጉም ያለው ለውጥ የመጣው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ከፍተኛው እርከን፣ በኤፍቢኤስ፣ ልምምድ ላይ ተጫዋች ማሠልጠን የሚፈቀድላቸው ሠራተኞች ቁጥር የተገደበ ነበር፤ አናሊስቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፊልም ያያል እንጂ ሜዳ ላይ ተጫዋቹን "እግርህን እንዲህ አድርግ" ማለት አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተነሳና አናሊስቱም ማሠልጠን ተፈቀደለት። ከግቢ ውጭ ወጥቶ ተጫዋች መመልመል ግን አሁንም ለተወሰኑ አሠልጣኞች ብቻ ነው።

ፉትቦል ያላቸው የኤንሲኤኤ ኮሌጆች ከ600 በላይ ናቸው። በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው ጥቂቶቹን ነው። ከኤፍቢኤስ ቀጥሎ ያለው ኤፍሲኤስ፣ ዲቪዥን 2፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጠው ዲቪዥን 3፣ ከኤንሲኤኤ ውጭ ደግሞ ኤንኤአይኤ የሚባለው የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበርና የሁለት ዓመት ጁኒየር ኮሌጆች አሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ ኮሌጅ በገባችሁበት ዓመት በር አንኳኩ

የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በምን መስክ ይሁን የሚለው ግን ብዙም አያሳስብ። በመወርወር ላይ የተመሠረተው የኤር ሬይድ ኦፌንስ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ማይክ ሊች ኮሌጅ ውስጥ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ሕግ ተምሮ ከፔፐርዳይን ተመረቀ፤ ከዚያ ጥብቅናውን ትቶ በትንንሽ ኮሌጆች፣ አንድ ወቅትም ፊንላንድ ድረስ ሄዶ አሠለጠነ። ከአሠልጣኝ ሃል መሚ ጋር አዮዋ ዌስሊያን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ሥርዓቱን ገነባ፤ በ2000 የቴክሳስ ቴክ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። "አልተጫወትኩም" የሚለው ምክንያት እንግዲህ እዚህ ላይ ይቁም።

የሊንከን ራይሊን መንገድ ደግሞ ልብ በሉ፣ ምክንያቱም የእናንተን ይመስላል። ሙልሹ ከምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ወጥቶ በ2002 ያለ ስኮላርሺፕ ቴክሳስ ቴክ ኳርተርባክ ሆኖ ገባ። ሊች በመጫወቱ ብዙ እንደማይገፋ አይቶ ተማሪ ረዳት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበለት፤ እሱም ተቀበለ። ተማሪ ረዳት፣ ግራጁዌት አሲስታንት፣ የሪሲቨሮች አሠልጣኝ እያለ ወጣና በ2010 ገና በ26 ዓመቱ የኢስት ካሮላይና የኦፌንስ ኮርዲኔተር ሆነ። በ2017 ኦክላሆማን በዋናነት ሲረከብ 33 ዓመቱ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ዓመታቱ የዋና አሠልጣኙ ዓይን ሥር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ለዋና አሠልጣኙ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ፤ አያነበውም። የፉትቦል ኦፕሬሽንስ ዳይሬክተር የሚባል ሰው በየኮሌጁ አለ፤ ለእሱ በአጭሩ ጻፉ። "ፉትቦል እወዳለሁ" ማለት አይጠቅምም፣ ሁሉም ይወዳል። "ፊልም መበተን (ጨዋታን ፕሌይ በፕሌይ እያዩ መመዝገብ) እችላለሁ፣ ኤክሴል እችላለሁ፣ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መገኘት እችላለሁ" በሉ። (በሀበሻ ሰዓት ነው ያልኩት፤ ልምምድ በብዙ ቦታ ማለዳ ነው።) መልስ ካልመጣ በአካል ሂዱ። የሚሰጣችሁ ኮን መደርደር፣ ኳስ ማቀበል፣ ከማማ ላይ ሆኖ ልምምዱን መቅረጽ ቢሆን ተቀበሉ፤ ዋናው ነገር የአሠልጣኞቹ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው።

በሃይስኩል በኩልም መንገድ አለ። ገስ ማልዛን በአርካንሳስ ሃይስኩሎች ብዙ ዓመት አሠልጥኖ በ2006 በቀጥታ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የኦፌንስ ኮርዲኔተር ሆኗል፤ በ2010 ኦበርን ሻምፒዮን ሲሆን ኦፌንሱን የመራው እሱ ነበር። ቴክሳስ ያላችሁ ግን አስተውሉ፦ በዚያ የመንግሥት ሃይስኩል አሠልጣኝ በመሠረቱ የትምህርት ዲስትሪክቱ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ስለዚህ አብዛኞቹ መምህራን ናቸው። በዚህ ለመግባት ካሰባችሁ የመምህርነት ሰርተፊኬቱን ከዲግሪው ጋር አብራችሁ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ፊልም መበተን ተማሩ

ጀማሪን ከጀማሪ የሚለየው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልግለጸው።

አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 65፣ 70 ያህል የኦፌንስ ፕሌይ ይሠራል። የተጋጣሚያችሁን ዲፌንስ የአራት ጨዋታ ፊልም ስትበትኑ ከ250 እስከ 300 ፕሌይ አንድ በአንድ ታያላችሁ ማለት ነው። ፊልሙ ከጎንና ከጀርባ የተቀረጸ፣ 22ቱንም ተጫዋቾች የሚያሳይ ነው። በሃድል ወይም ኮሌጁ በሚጠቀምበት ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፕሌይ አንድ ረድፍ ትሞላላችሁ፦ ስንተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ስንተኛው) ነው፣ ስንት ያርድ ቀርቷል፣ ኳሱ በየትኛው ሃሽ (የሜዳው ግራ ወይም ቀኝ ምልክት) ላይ ነው፣ ሜዳው ላይ የት ነው፣ የኦፌንሱ ፐርሶኔል (የገቡት ተጫዋቾች ዓይነት) እና ፎርሜሽን (አቋቋም) ምንድነው፣ ሞሽን (ኳሱ ሳይነሳ የተጫዋች መንቀሳቀስ) ነበር ወይ፣ ዲፌንሱ በምን ፍሮንት (የፊት መስመር አደራደር) ቆመ፣ ብሊትዝ (ኳርተርባኩ ላይ የሚላክ ተጨማሪ ሰው) ከየት መጣ፣ ከቨሬጁ (ፓስ የሚከላከሉበት መንገድ) ምን ነበር፣ ስንት ያርድ ተገኘ።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከቨሬጁ ላይ ነው። ሁለት ሴፍቲዎች (የኋላ ተከላካዮች) ወደ ኋላ ቆመው ያዩና "ከቨር 2"፣ ማለትም ጥልቁን ሜዳ ሁለት ሰው የሚጠብቅበት፣ ብለው ይሞላሉ። ኳሱ ሲነሳ ግን አንደኛው ሴፍቲ ይወርዳል፣ ሌላው መሐል ይይዛል፤ እውነተኛው ከቨሬጅ ጥልቁን ሦስት ሰው የሚጠብቅበት ከቨር 3 ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ሙሉ፦ ከስናፕ፣ ማለትም ኳሱ ከመነሳቱ፣ በፊት የታየው፣ ከስናፕ በኋላ የሆነው። አሠልጣኛችሁ ይህንን ልዩነት ሞልታችሁ ሲያይ ስማችሁን ይይዛል።

ከዚያ ማጠቃለያው ይመጣል። ኮርዲኔተሩ ሰላሳ ገጽ ሠንጠረዥ አይፈልግም፤ የሚፈልገው "ሦስተኛ ዳውን ላይ ከ7 ያርድ በላይ ሲቀር፣ ኳሱ ቀኝ ሃሽ ላይ ከሆነ፣ ብሊትዙ ሁልጊዜ ከሰፊው በኩል ይመጣል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሦስትና አራት ክሊፕ አዘጋጁ፤ "አሳየኝ" ማለቱ አይቀርም።

የስካውት ቲም ካርድ መሣልም የእናንተ ሥራ ነው። በልምምድ ላይ የተጋጣሚን ዲፌንስ አስመስለው የሚጫወቱት ተቀያሪ ልጆች ካርዱን የሚያዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው። በወፍራም ማርከር ሣሉ፤ የእያንዳንዱን ልጅ የማልያ ቁጥር ክቡ ውስጥ ጻፉ፤ ቀስቱ የት እንደሚያቆም ግልጽ ይሁን። ልጁ ካርዱ ላይ ራሱን ፈልጎ ካጣ ያ የልምምድ ፕሌይ ባከነ፣ ኮርዲኔተሩም ዞር ብሎ የሚያየው እናንተን ነው።

ገና ኮሌጅ ያልገባችሁ የሠፈራችሁን ሃይስኩል አሠልጣኝ የሃድል መግቢያ ጠይቁት። የቴሌቪዥን ሥርጭት ለዚህ አይሆንም፣ ሴፍቲዎቹን አያሳይም።

ደረጃ 4፦ ግራጁዌት አሲስታንት ወይስ ትንሽ ኮሌጅ?

ከተመረቃችሁ በኋላ ሁለት በር አለ። አንደኛው በትልቅ ኮሌጅ ግራጁዌት አሲስታንት መሆን ነው፦ ማስተርሳችሁን በነፃ ትማራላችሁ፣ ከእጅ ወደ አፍ የምትሆን የኪስ ገንዘብ ይሰጣችኋል፣ ቀን ከሌት ትሠራላችሁ። ሁለተኛው በዲቪዥን 2 ወይም 3፣ በኤንኤአይኤ ወይም በጁኒየር ኮሌጅ የራሳችሁ ፖዚሽን ተሰጥቷችሁ በትንሽ ደመወዝ ማሠልጠን ነው።

ጆ ብሬዲ በመጀመሪያው በር ነው የወጣው። በፔን ስቴት ግራጁዌት አሲስታንት፣ ከዚያ በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል፣ በኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ፣ ዝቅተኛ የኦፌንስ ረዳት ነበር። በ2019 ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የፓሲንግ፣ ማለትም የመወርወር፣ ጨዋታውን ሰጠው፤ ቡድኑ 15ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱም ለዓመቱ ምርጥ ረዳት አሠልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ የኤንኤፍኤል ኮርዲኔተር ነበር።

ኬለን ዲቦር የወጣው በሁለተኛው ነው። ራሱ በተጫወተበት በሲዩ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ፕሌይ መጥራት ጀመረ፤ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ በአምስት ዓመት 67 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ፣ ሦስት የኤንኤአይኤ ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ኮርዲኔተርነትን ተቀበለ፤ ሳውዘርን ኢሊኖይ፣ ኢስተርን ሚሺጋን፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ኢንዲያና። ፍሬስኖ ተመልሶ ዋና ሆነ፣ ወደ ዋሽንግተን አለፈ፣ በጃንዋሪ 2024 የአላባማ ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

የኔ ምክር የሁለተኛው በር ነው፤ ትልቁ ኮሌጅ አስተማማኝ ሰው ሥር የሚያስቀምጣችሁ ካልሆነ በቀር። የብሬዲ ዓይነት ዕድል ለጥቂት ሰው ነው የሚገጥመው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን በ24 ዓመታችሁ የራሳችሁን ክፍል ታስተምራላችሁ፣ በ27 ፕሌይ ልትጠሩ ትችላላችሁ። ሌላው ኋላ የሚቀጥራችሁ ሰው "ፕሌይ ጠርተህ ታውቃለህ?" ሲል መልስ ይኖራችኋል።

ሴቶች እህቶቻችንም ይህን መንገድ አይተውት። ዳርትማውዝ በ2018 ካሊ ብራውንሰንን በኦፌንስ በኩል በሙሉ ጊዜ ቀጠረ፤ በዓመቱ ጄኒፈር ኪንግ እዚያው የኦፌንስ ረዳት ሆና ሠራች፣ በ2021 ደግሞ በኤንኤፍኤል የዋሽንግተን ቡድን የራኒንግ ባኮች ረዳት አሠልጣኝ ሆናለች።

በተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ። በኤፍ 1 ቪዛ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ የፉትቦል ቢሮ ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም። ይህን ለአሠልጣኙ ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት፣ ሰዓታችሁንም በጽሑፍ አስይዙ።

ደረጃ 5፦ ፕሮቴክሽን እወቁ

ወጣት ሁሉ ሪሲቨር ማሠልጠንና ቆንጆ ፓስ መሣል ይወዳል። እናንተ ግን ኳርተርባኩን መጠበቅ ተማሩ። አምስት ላይንማንና አንድ ራኒንግ ባክ ወደ ኳርተርባኩ የሚመጡ ስድስት የዲፌንስ ሰዎችን ይይዛሉ። ዲፌንሱ ሰባተኛውን ከላከ የሚያቆመው ሰው የለም፤ ኳርተርባኩ ያንን ሰው ቀድሞ ለይቶ ኳሱን ከመድረሱ በፊት መጣል አለበት። ሰባተኛው ማን እንደሆነ ሴንተሩ (ኳሱን የሚያነሳው የመሐል ላይንማን)፣ ራኒንግ ባኩና ኳርተርባኩ አንድ ዓይነት መልስ ከሌላቸው፣ ሰሌዳ ላይ ያማረው ፓስ ሁሉ በሳክ፣ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ በመውደቅ፣ ያልቃል። አንድ ዓመት ከኦፌንሲቭ ላይን አሠልጣኙ ጋር ለመሥራት ዕድል ካገኛችሁ አታሳልፉት።

ደረጃ 6፦ መመልመልና መታወቅ

አሠልጣኝ ተጫዋች ካላመጣ አይቆይም። በኤንሲኤኤ የላይኛዎቹ እርከኖች ከግቢ ውጭ ለመመልመል የምልመላ ፈተና በየዓመቱ ማለፍ ያስፈልጋል። አሁን ሥራው የሃይስኩል ልጆችን ብቻ መከታተል አይደለም፤ በ2018 ከተከፈተው የትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ) የሚመጡትን ማጣራት፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተጫዋቹ በስሙ ስለሚያገኘው ገንዘብ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር አለ። እዚህ ላይ የኛ ልጆች ጥቅም አላቸው። ለታላቅ አክብሮት ሰጥቶ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ የቀረበለትን በልቶ ከእናት ጋር ማውራት ለሐበሻ ልጅ የሚማረው ነገር አይደለም። የልጁን ታሪክ ከአፋቸው ስሙ፣ የገባችሁትን ቃል ጠብቁ፤ የሃይስኩል አሠልጣኞች ቃል ያጠፈውን ሰው ስም እርስ በርስ ይነጋገሩበታል።

ሥራ የሚገኘው በሰው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኞች ማኅበር በየጃንዋሪው ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል፤ የሆቴሉ ሎቢ ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኝበት ነው። ስትሄዱ ከስብከት የተቆጠበ፣ የሠራችሁትን የፊልም ትንተና ሁለት ገጽ የያዘ ነገር ይኑራችሁ። ጸደይ ላይ ቡድኖች 15 ልምምድ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹ እንግዳ አሠልጣኝ ይቀበላሉ። በመኪና የምትደርሱበትን ኮሌጅ አስፈቅዳችሁ ጎብኙ፣ ማታ ላይ ያያችሁትን ጻፉ፣ ለተቀበላችሁ አሠልጣኝ በሳምንቱ አንድ ጥያቄ ላኩለት። ደጅ ጥናት ብላችሁ አትፈሩት፤ ሁሉም ያለፈበት ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ማርከር ይሰጧችኋል። "አንድ ፕሌይ አስተምረን" ይሏችኋል። ውስብስቡን አትምረጡ። ለምሳሌ ሜሽን ውሰዱ፦ ሁለት ሪሲቨሮች ከግራና ከቀኝ ተነስተው መሐል ላይ ይተላለፋሉ። ጥልቀቱን አንዱ በ6 ያርድ ይወስናል፤ ሌላው ከሥሩ እጅ ለእጅ ሊነካኩ እስኪችሉ ተጠግቶ ያልፋል። ክፍተት ከተዉ ተከላካዩ መሐላቸው ሾልኮ ያልፋል። ዲፌንሱ ዞን (ቦታ የሚጠብቅ) ከሆነ ክፍቱ ቦታ ላይ ይቆማሉ፣ ሰው ለሰው የሚይዝ ከሆነ ሩጫቸውን ይቀጥላሉ። ፕሮቴክሽኑን፣ ኳርተርባኩ መጀመሪያ ማንን እንደሚያይ፣ ልጁ ቢሳሳት በምን ልምምድ እንደምታርሙት ጨምሩ። በተለይ የመጨረሻውን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ሥሎ ይቀመጣል።

ደረጃ 7፦ ፕሌይ መጥራት

ኮርዲኔተርነት ሲመጣላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ፕሌይ የሚጠራው ማነው?" ይሁን።

ጥሪው የሚዘጋጀው ቅዳሜ አይደለም። ጥሪዎቹ የሚጻፉበት ካርድ ክፍሎች፣ ማለትም መክፈቻ፣ ሦስተኛ ዳውን አጭርና ረጅም፣ ሬድ ዞን (ጎል አጠገብ ያሉት 20 ያርዶች)፣ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ፣ መሪ ሆኖ ሰዓት መግደያ፣ በሳምንቱ መሐል በየተራ ይሞላሉ። የኤንኤፍኤሉ አሠልጣኝ ቢል ዋልሽ የጨዋታውን የመጀመሪያ ፕሌዮች አስቀድሞ ጽፎ በተራ መጥራትን ልማድ አደረገው፤ ዛሬ ብዙዎች 15 ያህል ይጽፋሉ። ሐሙስ ዕለት ካርዱን ለኳርተርባኩ አሳዩትና ሦስተኛ ዳውን ላይ የማይወደውን በእርሳስ ይሰርዝ። እናንተ የምትወዱት ፕሌይ ሆኖ ቢያገኛችሁም ይሰረዝ፤ የሚወረውረው እሱ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። በፕሌዮች መካከል 40 ሰከንድ አለ። ከ2024 ጀምሮ በኤፍቢኤስ ሜዳ ላይ ላለ አንድ ተጫዋች በሄልሜቱ ውስጥ ባለ ሬዲዮ መናገር ተፈቅዷል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ድምፁ ይቆረጣል። ያለፈውን ውጤት አይታችሁ፣ ፐርሶኔሉን ልካችሁ፣ ጥሪውን ለመናገር የሚተርፋችሁ ከ25 ሰከንድ አይበልጥም። ቤት ውስጥ የድሮ ጨዋታ ከፍታችሁ፣ ስልክ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩ። አፍ ካልለመደ እጅ ካርዱ ላይ ሲርመሰመስ ሰዓቱ ያልቃል።

ደረጃ 8፦ ውሉን አንብቡ

በትልልቆቹ ኮሌጆች የኦፌንስ ኮርዲኔተር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። በትንንሾቹ ደግሞ ከማሠልጠኑ ጋር ሌላ ሥራ አብሮ ይሰጣችኋል፤ ጂም መጠበቅም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቦታ ዋና አሠልጣኙ ከተባረረ ረዳቶቹ አብረው መሄዳቸው የተለመደ ነው፣ አዲሱ የራሱን ሰዎች ያመጣል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር፣ ልጆቻችሁ ትምህርት ላይ ባሉበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩት፤ እነዚህንም ራሳችሁ ፈልጉ። ውሉ ስንት ዓመት ነው? ብትባረሩ ቀሪው ይከፈላል ወይ? ሌላ ሥራ ብታገኙ አዲሱ ደመወዛችሁ ከሚከፈላችሁ ላይ ይቀነሳል ወይ? እናንተ ቀድማችሁ ብትለቁ ለኮሌጁ ስንት ትከፍላላችሁ? የቤት ማጓጓዣው በማን ነው? የጤና ኢንሹራንሱ ከሥራ በወጣችሁበት ወር መጨረሻ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቤት አትግዙ፣ ተከራዩ። የትዳር አጋራችሁ የሚሠራው ሥራ ከስቴት ስቴት የሚዛወር ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እንደ ነርስነት ያለ፣ የፈቃዱን ነገር አዲሱን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት አጣሩ።